ያልተመዘነው እፍኝ

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ዘመዴ ተዝካር ዳንግላ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሚኒባስ ለመያዝ በድሮው የገበያ መግቢያ በኩል አለፍሁ። ማዕዘኑ ላይ የነበረው የአያ ታዘበው ሱቅ ስልክ መሸጫ ሆኗል። ጆንያው የለም፤ ሚዛኑ የለም፤ ቀይና ሰማያዊ መብራት በጠራራ ፀሐይ ይብለጨለጫል። አያ ታዘበው ግን አሉ። ሱቁን ለልጃቸው ለቀው፣ ከደጁ ላይ የቀርቀሃ ወንበር አስወጥተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላም ብዬ ላልፍ ስል አስቆሙኝ።

«አንቺ ባለጣሳዋ አይደለሽም?»

«ነኝ አያ ታዘበው። ደኅና ነዎት?»

«ይመስገነው። ጉልበቴ ነው እንጂ እኔስ ደኅና ነኝ። ያች ልጅሽስ? ያች ዘቢቤን በፍሬ ቆጥራ ልትወስድ የነበረችው?»

«ደኅና ናት።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ሚዛኔ ልክ ነበር አይደል?» አሉኝ።

«ልክ ነበር» አልኋቸው።

ደስ አላቸው። ሚዛናቸው በማንም ላይ አጉድሎ እንደማያውቅ ነገሩኝ። አመስግኜ ሄድሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ በመስኮቱ ያንን ማዕዘን አየሁት። ብዙ ጊዜ ስለ ነገሩ አላስብም። ሳስበውም እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነው የሚመጣልኝ።

ያን ጊዜ የምኖርባትን እንጅባራን ገና ኮሶበር የሚላት ይበዛ ነበር። ባጃጅ ከመጣ ብዙም አልቆየም፤ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ሁለት ብር ነበር። ዳንግላ በሚኒባስ አሥራ ሁለት ብር ነው። በገበያ ቀን ረዳቱ አሥራ አምስት ይላል፣ ሴቶቹ ይጮሁበታል፣ በአሥራ ሁለት ያልቃል። ከአስፋልቱ ዳር የቀርቀሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሮ ይውላል፤ ዝናቡ ሲመጣ ላስቲክ ይለብሳል፣ ሰውም ከላስቲኩ ሥር ይገባል። ዝናቡ ደግሞ ሳይመጣ አይውልም። ልጃገረዶቹ በጠባብ ሱሪ ላይ አጭር ቀሚስ፣ ከላይ ደግሞ ለብርዱ የስልባጅ ጃኬት ይደርቡ ነበር። ጃኬቱ የወንድ ይሁን የሴት ማንም አይጠይቅም፣ ይሙቅ እንጂ። ከመናኸሪያው ማዶ ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ነበር። ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ቀኑን ሙሉ እስክስታ ያስመታል፤ ጾም ሲገባ በዚያው ማጉያ መዝሙር ያሰማል። አሁን ሁሉም ዘፈኑን ከስልኩ ያወርዳል፤ ሱቁም የለም።

እኔ የዘቢብ ዳቦ እጋግር ነበር። ሙያውን ያገኘሁት አስፋልቱ ሲሠራ ነው። የመንገድ ሠሪዎቹ ካምፕ ወጥ ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ፣ ከሩቅ የመጡ አንድ ሽማግሌ አብሳይ አስተማሩኝ። ካምፑ ሲነሣ ድስቱንም ወንበሩንም ሰው ተከፋፈለው፤ እኔ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ልኬ እሱ ነው። ሦስት ጣሳ ዱቄት፣ ግማሽ ጣሳ የተከተፈ ቴምር፣ አንድ ጣሳ ዘቢብ። ጨውና እርሾው በማንኪያ ነው። ስኳር የለበትም። ወተትና እንቁላልም የለበትም፣ ለጾምም ይሆናል። ከዋዜማው ሁሉንም ሰፍሬ አስቀምጣለሁ፤ መጨረሻ የሚሰፈረው ዘቢቡ ነው፣ ውኃ ይፈስበትና ተሸፍኖ ያድራል። በነጋታው ሊጡ የሚቦካው በዚያ ውኃ ነው። የዳቦው ጣፋጭነት ሁሉ ከዘቢቡ ነው፤ እሱ ከጎደለ ሌላ የሚተካው የለም። በብረት ድስት፣ ከታችም ከላይም ፍም አድርጌ እጋግረዋለሁ። ለክርስትና፣ ለማኅበር፣ ለሠርግ ያዙኝ ነበር። ተመስገን፣ ልጄን ያስተማርሁት በዚሁ ነው።

ልጄ የዝና ትባላለች። አባቷ ካረፈ በኋላ ሁለት ብቻ ነን። በኮሌጅ ምግብ ዝግጅት ተምራ ጨረሰች፣ ሥራ ግን አልነበረም። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ዓረብ አገር ሄዱ። ደላላው ከጫግኒ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ጥቁር መነጽር ያደርጋል፣ በደመናም ቀን። «ፓስፖርትሽን አውጪ እንጂ፣ ሌላው የእኔ ነው» ይላታል። እኔ እመቤቴን በስግደት እለምን ነበር፣ አትሂድብኝ ብዬ። በዚያ መካከል ከተማው ውስጥ አንድ አዲስ ሆቴል ተከፈተ። ባለቤቱ በአንድ ክርስትና ላይ ዳቦዬን በልቶ ኖሮ አስጠራኝ። «ልጅሽ ይህን ዳቦ ለሆቴሉ ትጋግርልኝ። አንድ ቀን ትሞከርና እቀጥራታለሁ» አለኝ። የለመንሁት መጣ አልሁ። ዋናው ሼፍ ግን ከባሕር ዳር የመጣ፣ ነጭ ቆብ የሚያደርግ ሰው ነው። የዝናን «ጣሳ የሚባል ነገር ወጥ ቤቴ አይገባም። በግራም ጽፈሽ አምጪ» አላት።

ዘቢብ የምንገዛው ዳንግላ ከአያ ታዘበው ነበር፤ ኪሎው ሰባ ብር። ጣሳውን በነጠላ ጠቅልለን፣ ከዱቄቱና ከተከተፈው ቴምርም ይዘን ሄድን። የገበያ ቀን ነው። ሱቁ በገበሬ ተሞልቷል፣ አያ ታዘበው ከአንዱ ጋር በአማርኛ ከሌላው ጋር በአገውኛ እየቀለዱ ይሸጣሉ። የዝና ጣሳውን አወጣች።

«አያ ታዘበው፣ አንድ ኪሎ ዘቢብ እንገዛለን። መጀመሪያ ግን በዚህ ጣሳ ሰፍረው ይመዝኑልን።»

ጣሳውን አገላብጠው አዩት። «ይኼ በጣሊያን ጊዜ የተጣለ ነው?»

«የእናቴ ነው።»

«እሷም ከጣሊያን ጋር ነው የመጣችው?» ገበሬዎቹ ሳቁ።

«ስንት እንደሚይዝማ አውቃለሁ» አለች የዝና። «አምስት መቶ ሃምሳ ግራም ነው። ለማረጋገጥ ነው እንጂ።»

«በምን አወቅሽ?»

«በዱቄት አስመዝኜ።»

አያ ታዘበው ወደ ገበሬዎቹ ዞረው በአገውኛ አንድ ነገር አሉ፣ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ልጄ፣ አንድ ጣሳ ጥጥና አንድ ጣሳ ጨው እኩል ነው ልትይኝ ነው? ለዚህ ነው ኮሌጅ የከረምሽው?»

የዝና ፊቷ ቀላ፣ ግን እሷም ሳቀች። ያን ሳቋን ነው የማስታውሰው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቀልዱን ተዉና በቁም ነገር ያዙት። መጀመሪያ ባዶውን ጣሳ መዘኑ። ዱቄቱን፣ ቀጥሎ ቴምሩን፣ ቀጥሎ ዘቢቡን። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነው፤ ብረቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ እያስቀመጡ፣ ሳህኑ ቀጥ እስኪል ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። የዝና እኔን ትጠይቃለች።

«እምዬ፣ ዘቢቡን ትጫኚዋለሽ?»

«አልጫነውም።»

«ትከምሪዋለሽስ?»

«አልከምረውም። በእጄ ጠረግ አድርጌ፣ ከአፉ እኩል ነው የምሰፍረው።»

እውነቴን ነው። ጣሳው ላይ ክምር አላውቅም። አያ ታዘበው ዘቢቡን በመዳፋቸው ጠርገው መዘኑት፤ የጣሳውን ክብደት ሲቀንሱለት ስድስት መቶ ሃምሳ። የዝና በአረንጓዴ እስክሪብቶ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፣ ከሥሩም አሰመረች። ከዚያ የምንገዛውን ኪሎ መዝነው ወደ ፌስታላችን ከገለበጡ በኋላ፣ ከጆንያው አንድ ጭብጥ ዘግነው ጨመሩልን።

«ይኼ ምራቂ ነው» አሉ። «እንዳትጽፊው ደግሞ!»

«ኧረ ምራቂ ማን ይጽፋል» አለች የዝና፣ ደብተሯን እየዘጋች። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

የፈተናው ቀን ቅዳሴ አስቀድሼ ቤት ገብቼ ጠበቅኋት። እኩለ ቀን ላይ በዝናብ መጣች። ጫማዋን በረንዳ ላይ አወለቀች፣ ጭቃውን በእንጨት መጥረግ ጀመረች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ምን አሉ?»

«ባለቤቱ ቀመሰው። ‹ዳቦ ነው› አለ።»

«ዳቦ ነዋ።»

«‹ግን የክርስትናው ዳቦ አይደለም› አለ። ሌላ ቁራሽ ወሰደ፣ እሱንም ቀመሰ። ‹እናትሽ ሙያዋን ደብቃብሻለች› አለ። ሼፉ ሳቀብኝ።»

እንጨቷን ጣለች። «የተጻፈውን ነው ያደረግሁት፣ አንድ ግራም አላዛባሁም። ስመዝን ሼፉ ከአጠገቤ ቆሞ ያያል። ደብቀሽኝ ነው እምዬ?»

«በእመቤቴ፣ አልደበቅሁሽም።»

«እሺ» አለች።

በእኛ አገር ሙያዋን የምትደብቅ ሴት አለች። ለምራቷ የጌሾውን ልክ አሳንሳ የምትነግር፣ ለጎረቤቷ አንድ ቅመም የምትዘል አለች። ልጄ ይህን እየሰማች ነው ያደገችው፣ ብትጠረጥር አልፈርድባትም። በማግስቱ ራሴ ጋገርሁ፣ የት ላይ እንደተሳሳተ ላይ ብዬ። እሷ ደጅ ተቀምጣ ነበር፣ ወደ ማድ ቤቱ አልመጣችም። ዳቦው እንደ ሁልጊዜው ጣፈጠ። ቆርሼ ወሰድሁላት። ቀመሰችና አስቀመጠችው። መበላሸቱ ይሻለኝ ነበር።

ሆቴሉ ሌላ ሰው ቀጠረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ፓስፖርቷ ወጣ። የሄደችበት ጠዋት ያ ዘፈን ቤት እንደ ልማዱ ይጮኻል። ለብርዱ የገዛሁላትን ቡናማ ጃኬት «እዚያ ሙቀት ነው» ብላ ትታልኝ ሄደች። ደብተሯን ግን ከሻንጣዋ ውስጥ አይቼዋለሁ። ሚኒባሱ በአስፋልቱ ታጥፎ እስኪጠፋ ቆምሁ። አላለቀስሁም። አብረውኝ የቆሙት ሴቶች ምን ዓይነት ደንዳና ናት እንዳሉኝ በኋላ ሰማሁ። እውነት ነው፣ ደንዝዤ ነበር። ቤት ገብቼ ጣሳውን አጥቤ መደርደሪያው ላይ ደፋሁት። ዳቦ የሚያዙኝን አሁን አልጋግርም አልኋቸው። በርበሬ እየቀነጠስሁ፣ ለሰው ጥጥ እየፈተልሁ ኖርሁ። እንዴት ነሽ ሲሉኝ ተመስገን እላለሁ። ተመስገንም ነበር፤ በሕይወት አለች፣ ትደውላለች። እሑድ ኔትወርክ ሲገኝ ትደውላለች።

«ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ። አንቺስ?»

«ተመስገን። በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

ይኸው ነው። ስለ ዳቦ አንድም ቀን አላነሣንም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ይመስለኛል፣ ለእመቤታችን ዝክር ዳቦ እንድጋግር ጎረቤቴ አለሚቱ ለመነችኝ። ከእኔ ቤት ግድግዳ የምትጋራ፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ንጹሕ ሴት ናት። ለእመቤቴ ነው ብዬ እንቢ አላልሁም። ጣሳውን አወረድሁ። ዱቄቱን ሰፈርሁ፣ ቴምሩን ሰፈርሁ፣ ዘቢቡን ሞልቼ በእጄ ጠረግሁና ገለበጥሁት። አለሚቱ ከአጠገቤ ሽንኩርት ትልጣለች።

«አንቺ፣ ጣሳው ሞልቶ የለም እንዴ? ደግሞ ይህ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«በሁለት እጅሽ ዘግነሽ የጨመርሽው!»

«ምራቂ ነዋ» አልኋት።

ቢላዋዋን አስቀምጣ ሳቀች። «ለማን ነው የምትመርቂ? ራስሽ ሻጭ፣ ራስሽ ገዥ!»

እጄን አየሁት። ዘቢብ ተጣብቆበታል።

እናቴ ጥሊሊ ገበያ ተልባና ኑግ ትሸጥ ነበር። ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ በሁለት እጇ አንድ እፍኝ ሳትጨምር ሰው ሸኝታ አታውቅም። ለሰው አፍ የሚሄድ ነገር በልኩ አይሰፈርም ትል ነበር። እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ ነው መስፈር የለመድሁት። ከስፍር በኋላ ያለው እፍኝ ስፍር አይደለም፤ አይቆጠርም፣ አይጠየቅም። ዱቄቱ ላይ አልጨምርም፣ መጨረሻ የሚሰፈረው ላይ ነው። ስንት ዓመት እንዲህ እንደጋገርሁ እግዚአብሔር ያውቃል። አያ ታዘበው ሱቅ ቆሜ «አልከምረውም» ስል አልዋሸሁም። ሚዛኑም አልዋሸም። ልጄ ግን አንድ እፍኝ የጎደለው ዳቦ ይዛ ሰው ፊት ቆመች።

አለሚቱ ምን ሆንሽ አለችኝ። ምንም አልኋት። ዝክሩ ደረሰ፣ ሰው በላ፣ መረቀኝ። እኔ ግን ዳቦውን አልቀመስሁትም። በስልክ ልነግራት አስቤ ነበር። እሑድ መጣ፣ «በልተሻል?» አልሁ፣ «በልቻለሁ» አለች። ከዚያ ወዲያ አቃተኝ። አንቺ ከቤትሽ የወጣሽው በአንድ እፍኝ ዘቢብ ነው ብዬ በየትኛው ኔትወርክ ልንገራት? ደግሞ ከደበቀች እናትና ያደረገችውን ከማታውቅ እናት የትኛዋ እንደምትብስ አላውቅም ነበር። አሁንም አላውቅም። ለእመቤቴ አንድ ጣሳ ዘቢብ ተሳልሁ፣ ፊት ለፊት አምጪልኝና አፌን ክፈቺልኝ ብዬ።

በስድስተኛው ዓመት መጣች። እመቤቴ ድርሻዋን አደረገች። ስለቴን ለቤተ ክርስቲያን ሳስረክብ እጄ ራሱ ጨመረበት፤ ዲያቆኑ «እናታችን፣ አንድ ጣሳ አላሉም ነበር?» አለኝ። ጣሳዬን ይዤ ወጣሁ።

የዝና ከስታለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። ጃኬቷን አውጥቼ ሰጠኋት፣ ለበሰችው። ሦስት ሳምንት ያህል ብዙ ተኛች፣ ትንሽ አወራች። የመናገሩ ተራ የእኔ ነበር። በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ቀኑ ያልፋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ካፊያ ሳለ ከሻንጣዋ እንደ መስተዋት ስስ የሆነ ሚዛን አወጣች፤ ቁጥር ያበራል። ያችን ደብተርም አወጣች። አረንጓዴው ቀለም ፈዟል።

«የዘቢብ ዳቦሽን ልሞክረው» አለች። «እዚያ ብዙ ጊዜ ጋገርሁት። አንድም ቀን አልመጣልኝም።»

ዱቄቱን፣ ቴምሩንና በፌስታል ያለውን ዘቢብ አስቀመጥሁላት፣ ጆግ ውኃም አመጣሁ። ከአጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። እጇ ንጹሕ ነው፣ ሥራዋ ንጹሕ ነው። ዱቄቱን መዘነች። ቴምሩን መዘነች። መጨረሻ ዘቢቡን ሳህን ላይ ቀስ እያለች አፈሰሰች፤ ስድስት መቶ ሃምሳ ላይ ስትደርስ አንድ ፍሬ መልሳ አነሣች። ወደ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ገለበጠችውና ውኃውን ልታፈስ ጆጉን አነሣች።

ከፌስታሉ በሁለት እጄ አንድ እፍኝ ዘግኜ ጎድጓዳው ውስጥ ጨመርሁት።

«እምዬ!» አለች። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምራቂ ነው።»

ጆጉን እንደያዘች ቀረች። ዘቢቡን አየችው፣ እጄን አየችው፣ ደብተሩን አየችው። ካፊያው ቆርቆሮው ላይ ይሰማል።

«ያን ጊዜም እንዲህ ነበር?»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። እኔም አላውቀውም ነበር፤ አለሚቱ ናት ያየችብኝ። ሦስት ዓመት ሆነኝ ካወቅሁት። አፌ እንቢ አለኝ።»

ጆጉን አስቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትቆጣም ደግ ነበር። እሷ ግን ከላይ ያለውን ዘቢብ፣ እኔ የጨመርሁትን፣ በጣቶቿ መልሳ አወጣች። ሚዛኑን አጥፍታ አበራችው። ዘቢቡን አስቀመጠችበት። መቶ አርባ አለ። እስክሪብቶ ፈልጋ፣ ከስድስት መቶ ሃምሳው ሥር፣ ካሰመረችው መስመር በታች ጻፈችው። ከላይኛው ጋር አልደመረችውም።

«የአሁኑ እጄ ነው» አልኋት። «ያኔ ወፈር ያልሁ ነበርሁ። የዚያን ጊዜው ስንት እንደነበር እንግዲህ አይታወቅም።»

ደብተሩን ዘጋች። ዘቢቡን መለሰች፣ ውኃውን አፈሰሰች። ለረጅም ጊዜ ውኃውን ስታይ ቆየች፤ ፍሬዎቹ አንዳንዱ ይሰጥማል፣ አንዳንዱ ይንሳፈፋል።

«እኔም እኮ አየው ነበር» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ። ስትጨምሪ ሁልጊዜ አይሽ ነበር። ምራቂ ነው ብዬ አልቆጠርሁትም።»

ክዳኑን አቀበልኋት፣ ሸፈነችው።